ሁለት ዙርና ሁለት ፍሬ

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ካፓሲተር አስተምሬአለሁ። በጠመኔ ሁለት አጫጭር መስመሮችን ጎን ለጎን አቆምና «ልጆች፣ ካፓሲተር ማለት ይህ ነው» እላለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ አወጣዋለሁ፤ የተሳሳተውንም ያለ ርኅራኄ እጥላለሁ። እውነተኛውን ካፓሲተር በእጄ የጨበጥኩት ግን ዘንድሮ ነው። ሁለት መስመር አይመስልም። ጭራሽ መስመር የሚባል ነገር የለውም።

የሸዋ ሮቢት ሰው ይህን ጉዴን እንዳያውቅብኝ ስጠነቀቅ ነው የኖርኩት። ሬዲዮው ወይም ቬንቲሌተሩ የተበላሸበት ሁሉ «መምህሩ ፊዚክስ አይደል የሚያስተምረው?» ብሎ ደጄ ላይ ሲቆም፣ «ፈተና እያረምኩ ነው» ብዬ እሸኘዋለሁ። ነሐሴ ላይ እንኳ ፈተና አርም ነበር። በዚህ ዘዴ ተከብሬ ጡረታ በወጣሁ ነበር። ነገር ግን አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ አንድ ቀን አፌን ከፈትኩ።

የከፈትኩት በጎረቤቴ በጋሽ ሰይድ ግቢ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ነው። ጋሽ ሰይድ ዛሬ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው። በጉልምስናቸው ግን በይፋት ቆላ ያለ እሳቸው መንዙማ የሚደምቅ ሠርግ አልነበረም። ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች አሏቸው። በእያንዳንዱ ሳጥን ከታች የሰፌድ ያህል የሰፋ ድምፅ ማጉያ፣ ከላይ አፉን የከፈተ የብረት ጥሩንባ አለ። ጋሽ ሰይድ የታችኛውን «ከበሮው»፣ የላይኛውን «ጥሩንባው» ይሏቸዋል። ያኔ ሁለቱን ሳጥኖች በግመል ግራና ቀኝ ጭነው፣ የመኪና ባትሪ ከላይ ደርበው፣ እስከ አሊዩ አምባ ድረስ ይዘልቁ ነበር አሉ። ሌላ ሰው ይህን ሲያወራ ሰማሁ እንጂ እሳቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም። ስለ ግመሉ ግን ያወራሉ።

እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ሐያት ልታገባ ነው። ሙሽራው ጀማል መልካም ልጅ ነው፤ አንድ ጥፋት ቢገኝበት ዲጄ መውደዱ ነው። መብራቱ ቀይና ሰማያዊ የሚሆን ዲጄ ከደብረ ብርሃን ሊያስመጣ አስቧል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ለመጨረሻዋ የልጅ ልጄ መንዙማውን እኔው ነኝ የምለው፣ የምለውም በሳጥኖቼ ነው አሉ። ሳጥኖቹ ከጎተራ ወጥተው አቧራቸው ተራግፎ ተሞከሩ። ጥሩንባው ጆሮ ይበሳል፤ ከበሮው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያፍናል። ጀማል በአክብሮት ወደ መሬት እያየ ዝም አለ። ጋሽ ሰይድም ገባቸው።

«እስከ ጁምዓ ድረስ ከተስተካከሉ እኔ እላለሁ» አሉት። «ካልተስተካከሉ ዲጄህን ጥራ። እኔ እንደማንኛውም እንግዳ በልቼ፣ መርቄ እገባለሁ። ቅርም አልሰኝም።»

ቅር እንደሚሰኙ ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር። እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

«ይሄማ የክሮስኦቨር ችግር ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከጋሽ ሰይድ ጎን የተቀመጡት ጋሼ ታደሰ እንኳ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ጋሼ ታደሰ የደሴን መንገድ ዕድሜ ልካቸውን በከባድ መኪና ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ሌላው ወዳጅ ሲስማማ ያረጃል፤ እሳቸውና ጋሽ ሰይድ ግን ሲከራከሩ ነው ያረጁት።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ሳጥኑ ውስጥ ያለች፣ ድምፅ የምትከፍል ዕቃ ናት። ወፍራሙን ወደ ከበሮው፣ ቀጭኑን ወደ ጥሩንባው ትልካለች።»

«የሠርግ አሳላፊ በለኛ! ወንዱን ወዲህ፣ ሴቱን ወዲያ።»

«ልክ ነው!»

«እና አሳላፊው ሞቷል?»

«አርጅቷል እንጂ አልሞተም።»

«ማን ያድነዋል?»

ዝም ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ ፈተና እርማት ማውራት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። «እኔ» አልኩ።

ባለቤቴ ሙሉ ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሐያትንም የሠርግ ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ነች። ሁለቱ ሳጥኖች በበረንዳችን ሲገቡ የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ከግድግዳው ተነቅሎ በሽቦው የተንጠለጠለውን ሶኬት አየች። ሶኬቱ እንዲያ ከተንጠለጠለ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድም ቃል አልተናገረችም። ከእሷ ዝምታ የጀማል ዝምታ ይሻለኛል።

ሳጥኑን ከፈትኩት። አንዲት ጣውላ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የተሰካው፤ ካፓሲተርና ጥቅል የመዳብ ሽቦ። የዚህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ። የካፓሲተሩ ሰም በቆላው ሙቀት ቀልጦ ጣውላው ላይ ፈስሷል። አዲስ መግዛት ነው እንግዲህ አልኩና፣ ለእንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ትልቅ ከተማ ያስፈልጋል ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በሸሚዝ ነው የሄድኩት። የቆላ ሰው ብርድ መኖሩን የሚያስታውሰው ደብረ ሲና ሲደርስ ነው። ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ስደርስ በብርድ ከእግር እግር እየዘለልኩ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ጋቢ ደራርቦ የተቀመጠው ሻጭ የያዝኩትን አሮጌ ካፓሲተር ገለባብጦ ቁጥሩን አነበበና ሳቀ።

«ጌታዬ፣ ይህን የሚተካው የቬንቲሌተር ካፓሲተር ነው። እዚህ ብርድ አገር ማን ቬንቲሌተር ይገዛል ብዬ አመጣለሁ? ይህን የመሰለ ዕቃ የሚገኘው ታች ሸዋ ሮቢት ነው።»

«እዚያ ነው የምኖረው» አልኩት።

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ተመልሼ ከቤቴ አራት በር ራቅ ብላ ካለች ሱቅ ለሁለቱ ሳጥን ሁለት ገዛሁ። ባለሱቁ «መምህር፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ በዚህ ሙቀት?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈተና እያረምኩ ነው ብዬው ወጣሁ።

የቀረው ጥቅል ሽቦ ነው። ሽቦው የተጠቀለለበትን የእንጨት ማጠንጠኛ ምስጥ ስለበላው ጥቅልሉ ላልቶ ተዝረክርኳል። የሁለቱም ሳጥን እንደዚያው ነው። አናጢው ሁለት አዲስ ማጠንጠኛ ሠራልኝ። ታዲያ የፊዚክስ መምህር ሽቦ ሲፈታ ዝም ብሎ አይፈታም፤ ዙሩን ይቆጥራል። ቁጥሩን ካወቅሁ በአዲሱ ላይ ያንኑ ያህል እመልሳለሁ አልኩ። ለአስተማሪ ቁጥር የሌለው ነገር አይታመንም።

ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ በዚያ ወር ቤታችን ምድጃ ነው። በረንዳ ላይ ወጣሁ። በረንዳችን ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት ስል፦

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር!»

ሽንኩርት በአህያ የጫነ የማውቀው ገበሬ ነው። «ወአለይኩም ሰላም» አልኩ፤ በልቤ ሰማንያ ሰባትን ይዣለሁ።

«አማን ነው?»

«አማን ነው።»

«አፊያ ናችሁ? ባለቤትህ? ልጆች?»

«ሁሉም ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

«ያች ፍየልህስ?»

«አለች።»

«ወለደች?»

«ሁለት።»

«ማሻ አላህ! ሴት ናቸው ወንድ?»

አንድ አንድ ነበሩ። አህያው ራቅ ካለ በኋላ ጭንቅላቴን ስፈትሽ፣ ሰማንያ ሰባት ሄዷል፤ ያገኘሁት ሁለት፣ አንድና አንድ ብቻ ነው። ሽቦው ደግሞ ግማሽ ድረስ ተፈትቷል። ቀሪውን ያለ ቁጥር ፈታሁት።

በሁለተኛው ሳጥን ላይ ብልህ ሆንኩ። ማንም ሰላም ቢለኝ አንገቴን ብቻ እነቀንቃለሁ አልኩ። በእኛ አገር ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ኮርቷል ወይ ታሟል። በእኔ ላይ ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም፣ ኮርቷል ያለ አልተገኘም። ቁጥሬ መቶ አስራ ሁለት ሲደርስ ሦስት እናቶች ማንጎ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። «መምህር መናገር ተስኖታል አሉን!» ብለው ከበቡኝ። አንዷ ግንባሬን ዳሰሰች። ለበሽተኛ የሚቀርብ ሰላምታ ደግሞ ከጤነኛው ሦስት እጅ ይረዝማል፤ መቼ ጀመረህ፣ የት የት ይልሃል፣ እህል ይወስድልሃል ወይ አለበት። ሙሉ ከውስጥ ወጥታ «ምንም አልሆነም፤ ሽቦ እየቆጠረ ነው» ስትላቸው ተያዩና ይበልጥ አዘኑልኝ፤ መቶ አስራ ሁለትም ሰማንያ ሰባትን ተከትሎ ሄደ።

ጋሽ ሰይድ በማግስቱ መጡ። እርሻ ውለው ነው የመጡት፤ ሽርጣቸው ላይ ጭቃ አለ። በረንዳው ላይ ሁለት ክምር ሽቦ አዩ።

«ይሄ አሳላፊው ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሽ ሰይድ።»

ጎንበስ ብለው ሽቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ስንት አቀበት ወጥቷል፣ ስንት ወንዝ ተሻግሯል ይሄ። ግመሉ አንድ ጊዜ ሮቢ ወንዝ ላይ ወድቆበት እንኳ አልተፈታም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። «አንተ ታውቃለህ፣ የተማርከው አንተ ነህ» ብለውኝ ሄዱ። በዚያች ሰዓት ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። ሽማግሌው ለመጨረሻዋ ልጅ የሚሉትን መንዙማ አፋቸው ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሳጥኖቹ ቢያንስ ይጮሁ ነበር፤ አሁን ድዳ ሆነዋል።

የቀረኝ ትምህርቴ ነው። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን በስሌት ሞላሁት። የመጀመሪያው መልስ ከሮቢት እስከ ደብረ ሲና የሚዘረጋ ሽቦ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ግማሽ ዙር ብቻ ይበቃሃል አለኝ። የአማርኛ መምህሩ በትከሻዬ አሾልኮ አይቶ «አንዷን ዜሮ ረስተሃል» አለ፤ በዚህም ዕድሜ ልኬን አልተውለትም። ዜሮዋን መለስኩ። ሁለት መቶ ዙር! ድፍን ሁለት መቶ፤ ሽርፍራፊ የለው፣ ነጥብ የለው። በደስታ ጠመኔ ሰበርኩ።

ግን ሁለት መቶን ማን ይቆጥራል? ጠቅላዩ እኔ ነኝ፣ ሰላምታ ተቀባዩም እኔው። እንዲህ ስጨነቅ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጋሽ ሰይድ ከኒሙ ሥር ሙስበሃቸውን፣ የእስላም መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ዚክር ሲያደርጉ አላፊ አግዳሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርን ሰው ስለ ፍየል የሚጠይቅ የለም። ሽቦዬን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሙስበሃዎ ስንት ፍሬ ነው?»

«ዘጠና ዘጠኝ።»

«እንግዲያስ ሁለት ዙርና ሁለት ፍሬ ቢቆጥሩልኝ ሁለት መቶ ይሞላል።»

«እኔ ሽቦ አልቆጥርልህም» አሉ። «ዚክሬን አደርጋለሁ። አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ በእኔ ፍጥነት ጠቅልል። ስጨርስ እነግርሃለሁ።»

እንዲያ ሆነ። «ሱብሃነላህ» ሲሉ አንድ ዙር፣ «ሱብሃነላህ» ሲሉ አንድ ዙር። መንገደኛው ሁሉ በጣቱ ጫፍ አለፈ። የቀኙ ሳጥን ሽቦ እንደዚያ ባለ ሰላም ተጠቅልሎ አለቀ፤ የተረፈው አንዲት ስንዝር ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ ለሠርጉ ጥሪ ወጡ። ጋሼ ታደሰ በቦታቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ለምኜ እሺ አሰኘኋቸውና ያንኑ ቀመር ነገርኳቸው፤ «ሁለት ዙርና ሁለት ፍሬ።»

«እግዚኦ መሐረነ» ሲሉ አንድ ዙር፣ «እግዚኦ መሐረነ» ሲሉ አንድ ዙር። ቶሎ ጨረሱ። የድሮ ሾፌር ናቸው፣ መቼም ፍጥነት ይወዳሉ ብዬ አደነቅሁ። የተረፈውን ሽቦ ቆርጬ ወደ ጥግ ወረወርኩት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሙከራው ሆነ። ሁለቱ ሳጥኖች ከኒሙ ግራና ቀኝ ቆሙ። ባትሪው ተገጠመ። ጀማል ስልኩን በእጁ ይዞ መጥቷል፤ የዲጄው ቁጥር ስልኩ ላይ ይታየኛል። ጋሽ ሰይድ መሐል ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ቀኙን ብቻ ከፈትኩ። ጥሩንባው ጠርቶ፣ ከበሮው ከሥር ደልቶት ወጣ። ሰው «ወይ ጉድ!» አለ። ደረቴን ነፋሁ። ግራውን ጨመርኩ። ግራው ጮኸ። ከበሮው የራሱን ሥራ ትቶ የጥሩንባውንም ዜማ አብሮ ሊያዜም ይታገላል፤ ሁለቱ አንድ በር ላይ ሲጋፉ ይሰማል።

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ። «ጭነቱ አጋድሏል» አሉ። «በእንዲህ ያለ ጭነት ግመል አይነሳም።»

ጀማል ስልኩን አነሳ። ሮጬ እጁን ያዝኩት። «እስከ ነገ ቀትር ድረስ!» አልኩ። «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አላህ፣ ስለ ሐያት!» እሺ አለኝ። ልጁ መልካም ነው ብዬ የለ?

ቅዳሜን ከማለዳ ጀምሬ ሞከርኩ። ካፓሲተሩን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኩ። ጥሩንባውን አቀያየርኩ። ከሳጥኑ ሥር ድንጋይ አስገባሁ፣ ድንጋዩን አወጣሁ። አንድ መንገደኛ «ፊቱን ወደ ደሴ ስላዞርከው ይሆናል» አለኝ፤ ወደ አዲስ አበባ አዞርኩት። ጩኸቱ የትም አገር ያው ነው። በመጨረሻ በረንዳው ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ አገጬን ያዝኩ።

ሙሉ የሐያትን ቀሚስ ጨርሳ ልትሰቅለው ወጣች። ቀሚሱን የሰቀለችው ከምሰሶ ምሰሶ በተወጠረ ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሷል።

«ይሄን ሽቦ ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ጥግ ጥለኸው። የግራው ሳጥን ትራፊ አይደል? ጥሩ የልብስ ማስጫ ሆነኝ።»

«ትራፊ ነው።»

«የቀኙስ ትራፊ የታለ?»

«የቀኙማ ስንዝር ነው የተረፈው።»

ቀሚሱን ለቀቀች። ዞራ ያየችኝን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሶኬቱን ያየችበት ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች፤ «እኔ ሁለት እጅጌ ሰፍቼ ከአንዱ ስንዝር ጨርቅ፣ ከሌላው ቀሚስ የሚያወጣ ጨርቅ ቢተርፈኝ ካፓሲተር አልመረምርም። አንደኛው እጅጌ አጥሯል ማለት ነው!»

ያለ ጫማ ነው ወደ ኒሙ የሮጥኩት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ታደሰ! መቁጠሪያዎ ስንት ፍሬ ነው?»

«አርባ አንድ ነው እንጂ፣ ስንት ይሆናል?»

ሁለት ጊዜ አርባ አንድ፣ ሲደመር ሁለት። ሰማንያ አራት! የቀኙ አሳላፊ ሁለት መቶ ሆኖ ሲያስተናግድ፣ የግራው በሰማንያ አራት ብቻውን በር ላይ ቆሞ ኖሯል። ምን ያድርግ፤ ሁሉንም አስገባ።

ጋሽ ሰይድ ሲገባቸው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸውን ይዘው ነው። «ታደሰ፣ ሠርጌን ልታጎድልብኝ!»

«እኔ ምን አጎደልኩ? ሁለት ዙርና ሁለት ፍሬ ተባልኩ፣ ሁለት ዙርና ሁለት ፍሬ ጸለይኩ። ያንተ ነው የበዛው!»

«የኔማ ልክ ነው!»

«የኔም ልክ ነው!»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስሌት የተሳሳተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በስሌት ነው እንጀራ የሚበላው። ቢሆንም ቶሎ ብዬ በጭንቅላቴ አሰላሁ። በጋሼ ታደሰ መቁጠሪያ ሁለት መቶ ማለት አራት ዙርና ሠላሳ ስድስት ፍሬ ነው ብዬ ገለጽኩ። ሰማንያ አራቱ ሲቀነስ ደግሞ ሁለት ዙርና ሠላሳ አራት...

ሙሉ ቀሚሱን በክንዷ አንጠልጥላ ትራፊውን ሽቦ ጠቅልላ ይዛ ከኋላዬ ደርሳለች። «ቆይ እስቲ» አለች። «ይሄ ሽቦ ከዚያው ከሳጥኑ የወጣው ራሱ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ እስኪያልቅ መጠቅለል ነው እንጂ መቁጠሩ ለምን አስፈለገ?»

እኔ ሰላምታ ነስቼ በሽተኛ ተብያለሁ፣ ሰሌዳ ሞልቻለሁ፣ ጠመኔ ሰብሬአለሁ፣ ሁለት ሃይማኖት አስጨንቄአለሁ። ሽቦው ግን ልኩን ራሱ ያውቅ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መምህር» አሉኝ፤ «ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሩም?»

ሽቦውን ጫፍ ለጫፍ በየድኩና መጠቅለል ጀመርኩ፤ ሳልቆጥር። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ነፃነት ልነግራችሁ አልችልም። ባለ አህያው እንደገና አለፈ። እጄ እየጠቀለለ ከእሱ በላይ ጠየቅሁት። አማን ነው? ሽንኩርቱስ? አህያውስ? ልጅህ ከሚሴ ደረሰ? የአህያው ጀርባ ቁስል ዳነ? ሰውየው ሊሄድ ቢያስብም አለቀቅሁትም። ማንጎ ያመጡልኝ እናቶች አልፈው «እሰይ፣ ተሻለው!» አሉ። ሽቦው ሲያልቅ አንዲት ስንዝር ተረፈች፤ ልክ እንደ ቀኙ።

ቀና ስል ሁለቱም ሽማግሌዎች ዙሬን ሲቆጥሩልኝ ኖረዋል። ጋሽ ሰይድ ሙስበሃቸውን፣ ጋሼ ታደሰ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ማንም አላዘዛቸውም።

«ከድሮው ሰማንያ አራት ጋር ሁለት ዙርና ሁለት ፍሬ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«በእኔ አራት ዙርና ሠላሳ ስድስት» አሉ ጋሼ ታደሰ።

ስሌቴ ልክ ነበር! አላስፈለገም እንጂ ልክ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ላቤ ነው አልኳቸው።

ቀትር ሳይሆን ሁለቱም ሳጥኖች ተከፈቱ። ጋሽ ሰይድ መሐል ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከበሮ ከበሮውን፣ ጥሩንባ ጥሩንባውን ያዘ። እጃቸውን ዘረጉና ቀጥ አድርገው ያዙት፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም።

«ተነስቷል» አሉ። «ግመሉ ተነስቷል።»

ጀማል ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እሁድ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ። ድቤው ተመታ። ጋሽ ሰይድ ነጭ ለብሰው ማይክሮፎኑን ያዙ። ድምፃቸው በዕድሜ ሳስቷል፣ ከአፋቸው ሲወጣ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ጥሩንባው ግን ያችን ቀጭን ድምፅ ሳይበሳ፣ ሳይጎዳ ተቀብሎ ከድንኳኑ አሳልፎ፣ ከአስፋልቱ አሻግሮ ወሰዳት። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ የጭነት መኪና ዳር ይዞ ቆመ፤ ሾፌሩ ወርዶ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ሰማ። ጋሼ ታደሰ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ሐያት ሙሉ በሰፋችላት ቀሚስ ውስጥ ሆና አለቀሰች። የሴቶቹ እልልታ ሲነሳ እኔ ከግራው ሳጥን ጎን ቆሜ ነበር፤ ደስታዬ ከደረቴ በልጦ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

መንዙማው ሲያበቃ ጋሽ ሰይድ ማይክሮፎኑን አላስቀመጡም። ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ። ሙሽሮቹን መረቁ፤ «አሚን» አልን። አገሩን መረቁ፤ «አሚን» አልን። ከዚያ ወደ ሳጥኖቹ አዩ። ተራዬ ደረሰ ብዬ ኮሌታዬን አስተካከልኩ፤ ሰውም ወደ እኔ ዞረ።

«እነዚህን ሳጥኖች ላናገረችልን፣ ለዚች ልብስ ሰፊ ለሙሉ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን! ያን የመሰለ ዓይኗን አይንሳት!»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ። ከሴቶቹ ወገን እልልታ ቀለጠ።

«ለባሏም» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ከግራም ከቀኝም እኩል፣ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ «ለባሏም ልቦና ይስጥልን።»

ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሚን» ያልኩት እኔ ነኝ።